የአድማጭን አስተያየት መርምሮ የፎቶግራፍ ፖድካስትን ስለ ማሻሻል

ሻጭ ለገዢው፥ መምህር ለተማሪው፥ ተናጋሪም ለአድማጩ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ከእርሱም መልሶ የሚቀበለው ነገር አለ። ብዙ ሰዎች በመስጠቱ በኩል ይተጋሉ፤ በመቀበሉ በኩል ግን ቸል ይላሉ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ስለ መቀበል ሲሆን፥ ለምሳሌ የመረጥነው ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ለመሰሎቻቸው የሚያዘጋጁትን ፖድካስት ነው። ምሳሌው አነስተኛ ቢመስልም ትምህርቱ ደንበኛ ላለው ሁሉ የሚጠቅም መሆኑን አንባቢዎቻችን ራሳቸው ያስተውሉታል።

ፖድካስት ማለት በኢንተርኔት አማካይነት የሚሠራጭ፥ አድማጩም በፈለገው ጊዜና ቦታ በስልኩ የሚሰማው ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት ነው። ስሙ የወጣለት በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በ2005 እ.ኤ.አ. አፕል የተባለው ኩባንያ አይቲዩንስ በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ስላስገባው በብዙ አገር ታወቀ። ጀርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስ ማርኳርትም የፎቶግራፍ ፖድካስቱን የጀመረው በዚያው በ2005 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ የተከተሉ ብዙዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የዓይን ጥበብ ነው፤ ፖድካስት ግን የሚደርሰው ለጆሮ ብቻ ነው። አዘጋጁ ሥዕሉን በዓይነ ልቡናው እያየ ሲናገር አድማጩ ቃሉን ብቻ ይሰማል። በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ትምህርቱ ያልገባውን ተማሪ ከፊቱ ያውቀዋል፤ በማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የማንንም ፊት አያይም። ስለዚህ ለእርሱ የአድማጭ አስተያየት የተማሪውን ፊት ተክቶ የሚያገለግል ነው። ይህን ያላገኘ አዘጋጅ ከቀን ሥራው የተረፈችውን ሰዓት በከንቱ ያጠፋል፤ አድማጩም ባልተረዳው ምክር ተመርቶ የማያስፈልገውን ዕቃ በመግዛት ገንዘቡን ያባክናል። ጉዳቱ የሁለቱም ነው።

1ኛ፤ ሕመሙን ከመድኃኒቱ ስለ መለየት

ከአድማጭ የሚመጣ አስተያየት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፤ ይኸውም የደረሰበትን ችግርና ለችግሩ ይበጃል ብሎ ያሰበውን መፍትሔ ነው። ስለ ችግሩ ከአድማጩ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስለ መፍትሔው ግን ሊሳሳት ይችላል። ሐኪም በሽተኛውን የት ላይ እንደሚያመውና ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው ጠንቅቆ ይጠይቀዋል እንጂ መድኃኒቱን ራሱ እንዲያዝ አይተውለትም። አዘጋጁም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

ለምሳሌ አንድ አድማጭ «ዝግጅታችሁ ረዝሟልና አሳጥሩት» ብሎ ቢጽፍ፥ አዘጋጁ 40 ደቂቃ የነበረውን ዝግጅት ወዲያውኑ ወደ 20 ደቂቃ ማውረድ የለበትም። አስቀድሞ «የታከተዎት በየትኛው ደቂቃ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አድማጩ የታከተው ዋናው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በነበረው የ8 ደቂቃ ሰላምታና ጨዋታ እንደ ሆነ፥ መቆረጥ የሚገባው እርሱ ነው። ትምህርቱ ተቆርጦ ጨዋታው ቢቀር ግን መድኃኒቱ ከሕመሙ የከፋ ይሆናል።

እንደዚሁም ለፎቶግራፍ አዘጋጆች ዘወትር ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ «ቤት ውስጥ ለማንሣት የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የዕቃ ስምና ዋጋ መዘርዘር ይቀላል። ነገር ግን አዘጋጁ የተበላሸውን ፎቶግራፍና የተነሣበትን ፍጥነት ቢጠይቅ፥ ካሜራው በእጅ ተይዞ በ1/10 ሰከንድ የተነሣ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በእጅ ተይዞ በሚነሣ ፎቶግራፍ የሚታወቀው ልማዳዊ ደንብ፥ ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፍጥነቱ ከ1/50 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል የሚል ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው አዲስ ሌንስ ሳይሆን ወደ መስኮት መቅረብ፥ ክንድን ማስደገፍ፥ ወይም አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን ቁጥር ከፍ አድርጎ ፍጥነቱን መጨመር ነው። ይህም ምክር አንድ ብር አያስወጣም።

2ኛ፤ ስለ አጠያየቅ

«ዝግጅቱን ወደዳችሁት ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው የሚመልሰው «ጥሩ ነው፤ በርቱ» ብሎ ነው። ይህ መልስ ልብን ደስ ያሰኛል፤ ሥራን ግን አያሻሽልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጆን ፍላናጋን በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሰዎችን ስለ ጠቅላላ አሳባቸው ከመጠየቅ ይልቅ በእውነት ስለ ደረሰባቸው አንድ የተወሰነ ድርጊት መጠየቅ የተሻለ ማስረጃ እንደሚያስገኝ አስረድቷል። ይህንን ዘዴ ለፖድካስት ብናውለው ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ሀ/ ባለፈው ዝግጅት ማዳመጥዎን ያቋረጡበት ወይም ወደ ኋላ መልሰው የሰሙበት ቦታ የት ነው?

ለ/ ከሰሙ በኋላ በካሜራዎ ምን ሞከሩ? ምንስ ወጣልዎ?

ሐ/ ትርጉሙ ሳይገባዎ ያለፈ ቃል የቱ ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንድ አድማጭ ለዚህ ጥያቄ «እናቴን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ከደጅ ባነሣቸው፥ ልብሳቸው ደኅና ሆኖ ወጣ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ መልካቸው አይለይም» ብሎ ቢመልስ፥ አዘጋጁ ስለ ብርሃን መለኪያ የሰጠው ትምህርት እንዳልደረሰ ይረዳል። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አስመስሎ ለማውጣት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ስለዚህም ፊት ይጨልማል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ባለበት ቁልፍ አንድ እርከን ቢጨምሩለት የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ከብርቱ ፀሐይ ወደ ጥላ ፈቀቅ ማለት ደግሞ የነጠላው ሽመና ሳይጠፋ ፊትም እንዲታይ ይረዳል። ከአንድ ሐቀኛ መልስ አንድ ሙሉ ዝግጅት ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። «የሌንሱን ቀዳዳ ከፍ አድርጉ» የሚለውን የሰማ ሰው ቁጥሩን ከ2.8 ወደ 16 ከፍ ቢያደርገው፥ ቀዳዳውን የሚያጠበው እንጂ የሚያሰፋው አይሆንም። በመጽሐፍ ሥዕል ይህን ያስረዳል፤ በድምፅ ግን «ቀዳዳው ይስፋ፤ ቁጥሩ ይነስ» ብሎ ሁለቱን አንድነት መናገር ግድ ነው።

3ኛ፤ ዝም ስላሉት አድማጮች

አንድ ዝግጅት 200 ጊዜ ተወርዶ 6 ሰዎች ቢጽፉ፥ ስድስቱ የሁለት መቶዎቹ እንደራሴዎች ናቸው ለማለት አይቻልም። ለመጻፍ የሚነሣሣው አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የወደደ ወይም እጅግ የተቈጣ ነው። ሰልችቶት የሄደው ግን ሳይሰናበት ይሄዳል።

የወረደ ሁሉ ተሰማ ማለትም አይደለም። አይ.ኤ.ቢ. የተባለው የማስታወቂያ ንግድ ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ አንድ ማውረድ እንዲቈጠር ቢያንስ የ1 ደቂቃ ድምፅ መውረድ አለበት፤ ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ጆሮ መስማቱን አያረጋግጥም። አፕል ለአዘጋጆች የሚሰጠው መረጃ አድማጮች ዝግጅቱን እስከ የት እንደ ሰሙ ስለሚያሳይ ከውርዱ ቁጥር ይልቅ ይጠቅማል። በአንድ ደቂቃ ላይ ብዙዎች ካቋረጡ ያንን ደቂቃ መልሶ መስማት ነው።

ከዚህም የሚሻለው አንድ ጀማሪ ካሜራውን ይዞ ዝግጅቱን ሲሰማ አጠገቡ ሳይናገሩ ተቀምጦ ማየት ነው። እጁ የቆመበት፥ ግንባሩ የተቋጠረበት ቦታ የትምህርቱ ጉድለት ያለበት ቦታ ነው። ጽሑፍ የሚታክተው ሰው በቴሌግራም በድምፅ እንዲመልስ መፍቀድም መልካም ነው። ነገር ግን በማኅበር ፊት የተጠየቀ ሰው የፊተኛውን ተናጋሪ ቃል መድገም ስለሚቀናው፥ እያንዳንዱን ለብቻው መጠየቅ ይመረጣል።

አንዳንዶችም የሚሄዱት ዝግጅቱን ጠልተው ሳይሆን ወጪው ከብዷቸው ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የ30 ደቂቃ ድምፅ 29 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ ግን ከ15 ሜጋባይት አያልፍም። ለንግግር ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃ ስለ ሆነ፥ ከአድማጩ የኢንተርኔት ሒሳብ ግማሹን ማዳን ይቻላል።

4ኛ፤ ስለ መዝገብና ስለ ለውጥ

ነጋዴ ያለ መዝገብ ትርፍና ኪሳራውን እንደማያውቅ፥ አዘጋጅም ያለ መዝገብ አስተያየትን ሊመረምር አይችልም። መዝገቡ አምስት ዓምድ ይኑረው፤ እነርሱም ቀን፥ ዝግጅቱና ደቂቃው፥ የደረሰው ችግር፥ አድማጩ ያሳሰበው መፍትሔ፥ የተወሰደው እርምጃ ናቸው። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ችግር ካመለከቱ ቦታውን ማረም ይገባል። ሆኖም አደጋ የሚያስከትል ስሕተት የአንድ ሰው ቃል ይበቃዋል። ለምሳሌ ፀሐይን ያለ ማጣሪያ በሌንስ አሻግሮ ማየት ዓይንን ይጎዳል፤ ይህን የሚያስደርግ ምክር መሰጠቱን አንድ አድማጭ ቢያስታውቅ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ሳይጠበቅ መታረም አለበት።

ለውጥ ሲደረግም አንድ በአንድ ይሁን። «እንግዳችሁ አይሰማም» የሚል ቅሬታ ከመጣ፥ እንግዳውን ወደ ማይክሮፎኑ አቅርቦ የሁለቱን ተናጋሪዎች ድምፅ ማስተካከልና ጠቅላላውን መጠን አፕል ወደሚመክረው −16 ኤል.ኬ.ኤፍ.ኤስ. ማድረስ ይበቃል። በዚያው ሳምንት ሙዚቃውም፥ ርዝመቱም፥ ቀኑም አብሮ ቢለወጥ፥ አድማጭ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ምክንያቱን ማወቅ አይቻልም። አንዱን ለውጥ ለሦስት ዝግጅቶች ያህል ፈትኖ ወደ ሌላው ማለፍ የተሻለ ነው።

5ኛ፤ መልስ ስለ መስጠት

አስተያየቱን የሰጠ ሰው ቃሉ የት እንደ ደረሰ ካላወቀ ሁለተኛ አይናገርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅት «ይህን ብላችሁ ነበር፤ ይህን አድርገናል» ብሎ በአጭሩ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የአድማጩን ስም ለመጥራት ግን አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። ያልተቀበሉትንም አሳብ ምክንያቱን ገልጾ በትሕትና መመለስ ተገቢ ነው። አዘጋጁ ዝግጅቱን ለማን እንደሚያዘጋጅ አንድ ጊዜ ከወሰነ፥ ከዚያ ዓላማ የሚያወጣውን ጥያቄ ሁሉ የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ስለ አንድ ካሜራ የሚናገረው ከሻጩ ዕቃ ወይም ገንዘብ ተቀብሎ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ እምነት ከጠፋ አስተያየትም ይጠፋልና።

ይህ ሁሉ ለፎቶ ቤትና ለካሜራ ነጋዴም ይሠራል። «የተሻለ ካሜራ አለህ ወይ?» ብሎ ለገባ ደንበኛ ውዱን ዕቃ ከማውረድ በፊት «የትኛው ፎቶግራፍ ነው የተበላሸብዎ? እስቲ ያሳዩኝ» የሚል ነጋዴ፥ ምናልባት በዚያ ቀን ሽያጩ ያንስ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ደንበኛ በሽታውን የሚገልጸው ለሚጠይቀውና የተናገረውን ለሚመዘግብ ሰው ነው። እንግዲህ ፖድካስት ያለው ለሚቀጥለው ዝግጅቱ፥ ሱቅ ያለው ለሚቀጥለው ሳምንቱ አምስት ዓምድ ያለውን መዝገብ ከፍቶ፥ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ በማቅረብ ይጀምር።