ድመት በማሰሪያ ከደጅ ስትወጣ

በሰው ላይ ትከሻን ከደረት የሚያያይዘው አጥንት በድመት ላይ እጅግ አንሶ በጡንቻ መካከል ብቻ ተቀምጧል፤ ስለሆነም ጭንቅላቷ ባለፈበት ትከሻዋም ይሾልካል። የአንገት ገመድ ወይ ያስመልጣታል፣ ወይ ያንቃታል። ደረቷን የሚያቅፍ ማሰሪያ እንመርጣለን፤ በቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች አልብሰናት ቁራሽ ሥጋ እንሰጣታለን። መጀመሪያ ብትጋደም አያስደንቅም።

በልደታ ኮንዶሚኒየም ላደገች ድመት ግን ከባዱ ነገር ድምፅ ነው። የሰው ጆሮ በ20,000 ኸርዝ ገደማ ሲያበቃ የእርሷ እስከ 64,000 ይደርሳል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሐዲዱ ላይ ሲያፏጭ እኛ የማንሰማው ሊሰማት ይችላል። ስለዚህ ገና በማለዳ፣ በሩን ከኋላዋ ክፍት ትተን እናወጣታለን፤ መሸሸጊያዋን ስታይ ትረጋጋለች።

ከሁሉ አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ፣ በድመትም በሰውም ላይ፣ መድኃኒት የለውም።