ወደ ጀርመን ለረጅም ጊዜ ከመሄድዎ በፊት ስለ ቪዛ ማወቅ ያለብዎ

ለአንድ ሰው የውጭ ጉዞ ቤተሰብ ዕቁቡን ያወጣል፣ ዘመድ አዝማድ ያዋጣል፣ አንዳንዱም ቤትና መሬት ይሸጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የቪዛው ዓይነት ከጉዞው ዓላማ ጋር ካልገጠመ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። «ዋናው መግባቱ ነው፤ ሌላው እዚያ ይስተካከላል» የሚል ምክር ሳይሰሙ አይቀሩም። ጀርመንን በተመለከተ ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሥራዎን ከመልቀቅዎና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሱ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሚሄዱት ለምንድን ነው?

ለጉብኝት፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ ዓይነት «ሲ» ይባላል። በማንኛውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀናት በላይ አያስቆይም። ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለሥራ ወይም ከትዳር ጓደኛ ጋር ለመኖር የሚያስፈልገው ግን ዓይነት «ዲ» የሚባለው ብሔራዊ ቪዛ ነው። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለመጣበት ዓላማ የሚሆነውን ቪዛ ይዞ እንዲገባ ያዛል። በ«ሲ» ቪዛ የገባ ሰው እዚያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ቢቀበለው ወይም ቀጣሪ ቢያገኝ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ወደ አገሩ ተመልሶ እንደገና ማመልከት ይኖርበታል።

«ለአጭር ጊዜ» ብሎ አመልክቶ ለመቅረት ማሰብ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ቀኑን አሳልፎ የተገኘ ሰው ለዓመታት የመግባት ክልከላ ሊጣልበት ይችላል፤ ክልከላው በሸንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ስለሚገባ ጀርመን ላይ ብቻ አይቆምም። ከጥቅምት 12 2025 ጀምሮ ደግሞ በአጭር ቪዛ የሚገባና የሚወጣ የውጭ ዜጋ የመግቢያና የመውጫ ቀን በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መመዝገብ ጀምሯል። ቀን ያሳለፈ ሰው በቀላሉ ይታወቃል።

2. ከ«ዲ» ቪዛዎች የትኛው ነው የእርስዎ?

«ዲ» አንድ ፊደል ቢሆንም በውስጡ ብዙ መንገዶች አሉ።

የተማሪ ቪዛ፦ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ደብዳቤና ለዓመት የሚበቃ የኑሮ ገንዘብ ይጠይቃል። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ሲመረቅም ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር መቆየት ይችላል።

የሙያ ሥልጠና፣ በጀርመንኛው «አውስቢልዱንግ»፦ ከአሠልጣኝ ድርጅት ጋር የተፈረመ ውል ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የአመልካቹ የጀርመንኛ ችሎታ ቢ1 ከሚባለው የቋንቋ ደረጃ መድረስ አለበት።

የባለሙያ ሥራና ብሉ ካርድ፦ የሥራ ውልና በጀርመን ዕውቅና ያገኘ ዲግሪ ይጠይቃል። ለብሉ ካርድ፣ ማለትም ለዲግሪ ባለሙያዎች ለሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለ2025 የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ ባለሙያ ላጠረባቸው ዘርፎችና ለአዲስ ምሩቃን 43,759.80 ዩሮ። መጠኑ በየዓመቱ ይሻሻላል።

ቻንሰንካርተ፣ ማለትም የዕድል ካርድ፦ ከሰኔ 1 2024 ጀምሮ ይሰጣል። ሥራ ለመፈለግ እስከ አንድ ዓመት ያስቆያል፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያሠራል። በነጥብ የሚገባ ሰው ቢያንስ 6 ነጥብ፣ በአገሩ ዕውቅና ያለው ዲግሪ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ እንዲሁም የኤ1 ጀርመንኛ ወይም የቢ2 እንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል።

ቤተሰብ ማገናኘት፦ ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የኤ1 ጀርመንኛ ማስረጃ ይጠየቃል። የብሉ ካርድ ያለው ሰው ባል ወይም ሚስት ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ናቸው።

ሁለት መንገድ የሚስማማዎ ከሆነ ማስረጃዎ የተሟላበትን ይምረጡ። ዘመድዎ በሄደበት መንገድ መሄድ የለብዎትም።

3. ዲግሪዎ እዚያ ይታወቃል?

«አናቢን» የተባለው የጀርመን መንግሥት የመረጃ ቋት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችንና ዲግሪዎችን በነጻ ያሳያል። የተማሩበትን ተቋም ስም አስገብተው ይፈልጉ፤ ተቋሙ «ኤች ፕላስ» የሚል ምልክት ካለው ዕውቅና አለው ማለት ነው። ካልተገኘ የምስክር ወረቀትዎን የሚመዝነው ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት የማነጻጸሪያ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ያመለክታሉ፣ ያም ጊዜ ይወስዳል። የነርስነትና የሕክምና ሙያ ደግሞ ለብቻው የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ብቻ አያሠራም።

4. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ተማሪ ከማመልከቱ በፊት በዝግ ሒሳብ፣ በጀርመንኛው «ሽፔርኮንቶ»፣ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። መጠኑ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን በወር 992 ዩሮ ይሆናል። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ በየወሩ ይለቀቅልዎታል፣ ቪዛው ቢከለከልም የአገልግሎት ክፍያው ተቀንሶ ይመለሳል። ለቻንሰንካርተ በ2025 የተጠየቀው በወር 1,091 ዩሮ ነበር።

ሒሳብዎን በብር ሳይሆን በዩሮ ያስቡ። ብር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ ዛሬ የበቃዎት ብር ከስድስት ወር በኋላ ላይበቃ ይችላል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ባይጠይቁም ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሽቱትጋርት፣ ሃይደልበርግና ፍራይቡርግ በዚህ ክፍለ ግዛት ውስጥ ናቸው።

«እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለው ሐሳብ ለቪዛው አያገለግልም። መሥራት የሚችሉት ከገቡ በኋላ ነው፤ ገንዘቡ የሚታየው ግን ከመሄድዎ በፊት ነው።

5. ዋስ የሚሆንልዎ ሰው ምን እንደሚፈርም ያውቃል?

በዝግ ሒሳብ ፋንታ ጀርመን የሚኖር ዘመድ ኃላፊነት ሊወስድልዎ ይችላል። ዘመድዎ የሚፈርመው በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ፣ ደመወዙን አሳይቶ ነው። ይህ ፊርማ የይሉኝታ ወረቀት አይደለም። የእንግዳውን ኑሮ፣ መጠለያና ሕክምና የሸፈነው መንግሥት ከሆነ ወጪው ከፈራሚው ይጠየቃል፤ ግዴታውም በመርሕ ደረጃ አምስት ዓመት ይዘልቃል። ወንድምዎን ወይም አክስትዎን «ፈርሙልኝ» ከማለትዎ በፊት ይህን ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

6. ስምዎና የልደት ቀንዎ በሁሉም ወረቀት አንድ ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ፓስፖርትዎን፣ የልደት ሰርተፍኬትዎን፣ ዲግሪዎንና ትራንስክሪፕትዎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። «ኃይለማርያም» በፓስፖርቱ አንድ ቃል፣ በዲግሪው ሁለት ቃል ሆኖ ይገኛል። የአባት ስም በአንዱ ወረቀት በሁለት «ኤስ»፣ በሌላው በአንድ ተጽፎ ይታያል። እኛ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ስም መሆናቸውን እናውቃለን፤ ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል።

የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ጃንዩወሪ 13 1998 ነው። አንዱ ሰነድ ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን «5» ብሎ ካስቀረው፣ ሌላው ደግሞ በትክክል ካሰላው፣ ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ይሆናሉ። ስህተቱን የሠራው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄደው፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ያስተካክሉ።

ለቤተሰብ ማገናኘት የሚያመለክቱ ከሆነ በሽማግሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሸሪዓ የተፈጸመው ጋብቻ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። የጀርመን ኤምባሲ ሰነዱን በሚያምነው ጠበቃ በኩል ሊያስመረምር ይችላል። ምርመራው ወራት ይወስዳል፣ ወጪውም የአመልካቹ ነው።

7. ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥረዋል?

የትምህርት መጀመሪያውን ቀን ይያዙና ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ የቋንቋ ፈተና፣ ቅበላ፣ ዝግ ሒሳብ፣ ቀጠሮ፣ ውሳኔ። የቋንቋ ፈተናውን አዲስ አበባ ባለው ጎተ ኢንስቲትዩት መውሰድ ይቻላል። የብሔራዊ ቪዛ ማመልከቻ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መግቢያ በኩል ማቅረብ ይቻላል፤ አሻራ ለመስጠትና ዋናውን ሰነድ ለማሳየት ግን በአካል ይቀርባሉ። ክፍያው 75 ዩሮ ነው።

ስለ «ሲ» ቪዛም አንድ ነገር ይወቁ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያ ዜጎቿን መልሳ በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል ሚያዝያ 29 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተወስኗል። ውሳኔው የሚመለከተው የአጭር ጊዜ ቪዛን ነው፤ ብሔራዊውን ቪዛ አይነካም።

8. ገንዘብ የሚቀበልዎት ማነው?

የኤምባሲው ቀጠሮ በነጻ ነው። «ቀጠሮ እገዛልሃለሁ»፣ «ቪዛው የተረጋገጠ ነው» የሚል ሰው የሌለውን ነገር ነው የሚሸጠው፤ ውሳኔው የኤምባሲው ብቻ ነውና። የተጭበረበረ የባንክ ወረቀት ወይም የሥራ ልምድ ከተገኘ የሚጠየቀው ደላላው ሳይሆን ፊርማው ያለበት ሰው ነው። ያልገባዎትን ቅጽ አይፈርሙ።

9. ፓስፖርትዎ ሲመለስ ምን ያነባሉ?

ደስታው ሳያዘናጋዎ ተለጣፊውን ወዲያው ያንብቡ። መጀመሪያ ዓይነቱን ይዩ፤ «ሲ» ነው ወይስ «ዲ»? ቀጥሎ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ፣ ስንት ቀን እንደሚያስቆይ። በ«ሲ» ቪዛ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቪዛው ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 15 ይላል፣ የቆይታው ቀን ግን 30 ነው። መስከረም 5 የገባ ሰው ጥቅምት 4 መውጣት አለበት፤ እስከ ጥቅምት 15 ያለው ጊዜ የመግቢያ ቀኑን ማመቻቻ ብቻ ነው። ከታች ባለው የማስታወሻ መስመር ደግሞ ሥራ መሥራት ተፈቅዶ ወይም ተከልክሎ እንደሆነ ይጻፋል። ስም ወይም ቀን ከተሳሳተ ከመብረርዎ በፊት ለኤምባሲው ያሳውቁ።

የጀርመን «ዲ» ቪዛ በሌሎች የሸንገን አገሮች በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት ለመዘዋወር ይፈቅዳል። ስዊድን ወይም ጣልያን ሄዶ ለመኖርና ለመሥራት ግን አይሆንም።

10. ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አስበውበታል?

ብሔራዊ ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለጥቂት ወራት ነው፤ ረጅሙን ቆይታ የሚፈቅደው እዚያ የሚያወጡት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻዎን በከተማው ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባሉ፤ ለዚህም የአከራዩ የተፈረመ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከዚያ የጤና መድን ይገባሉ። ዕድሜያቸው 30 የሞላ ተማሪዎች በአብዛኛው በተማሪ ዋጋ የሕዝብ መድን ስለማያገኙ የግል መድን ወጪን አስቀድመው ያስሉ። የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ቪዛው ሳያልቅ ያስገቡ፤ ቀጠሮው ቢዘገይ እንኳ በጊዜ ማመልከትዎ መብትዎን ይጠብቅልዎታል።

11. ቢከለከሉስ?

ከሐምሌ 1 2025 ጀምሮ የጀርመን ኤምባሲዎች ለተከለከለ ቪዛ የጽሑፍ ቅሬታ መቀበል አቁመዋል። የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት፣ ወይም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በርሊን ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ የተሟላ መሆን አለበት። የክልከላውን ደብዳቤ አስተርጉመው ምክንያቱን ሳይረዱ ያንኑ ፋይል መልሰው አያስገቡ።

በመጨረሻም ቃሌ በፍራንክፈርት፣ በኮሎኝና በሌሎች ከተሞች ለምትኖሩ ዘመዶች ነው። አገር ቤት ያለው ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ከኤምባሲው ይልቅ የሚያምነው እናንተን ነው። «ብቻ ና» አትበሉ። የትኛው ቪዛ እንደሚሆነው፣ ስንት እንደሚያስወጣና ስንት ወር እንደሚፈጅ እውነቱን ንገሩት። ትክክለኛውን ቪዛ እየጠበቀ አንድ ዓመት አገሩ ቢቆይ ይሻለዋል፤ በተሳሳተ ቪዛ ገብቶ ዕዳውን ይዞ ከመመለስ።