የበዓል ሰሞን ጫናና ጤና

የበዓል ጫና ከበዓሉ ቀድሞ ይመጣል። በባሕር ዳር ለፋሲካ የሚደረገው ሩጫ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ይጀምራል፤ ቅቤ ይነጠራል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ለልጆች ልብስ ይገዛል፣ ገጠር ላሉ እናትና አባት የሚላከው ይሰናዳል። የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የገናና የጥምቀት በዓላትም የየራሳቸው ወጪና ድካም አላቸው። ፋሲካ ግን 55 ቀን በጾመ፣ በሕማማቱ ሳምንት በሰገደና ሌሊቱን ቆሞ ባስቀደሰ ሰውነት ላይ ስለሚመጣ ከሁሉም ይከብዳል። የዚህ ምዕራፍ ትኩረትም በዋናነት እሱ ነው።

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ይህ ጉልበት ይሰጣል። ሳምንታት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ራስ ያሳምማል፣ ጨጓራ ያባብሳል፣ ትዕግሥት ያሳጣል። በበዓል ዋዜማ በባልና ሚስት መካከል በትንሽ ነገር የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ሥሩ የእንቅልፍ ማጣትና የገንዘብ ሐሳብ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲፈልጋቸው ይወደዳሉ። ቅዳሜ ገበያ በበዓሉ ዋዜማ የሚሄድ ሰው ሻጩ በጠራው ዋጋ ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም። የማይበላሸውን፣ ማለትም በርበሬውን፣ ቅመሙንና ቅቤውን፣ ከወር በፊት በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ወጪውን ይበትነዋል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው ለበዓል እንዲደርሰው አስቀድሞ ከዳኛው ጋር ቢነጋገር የተሻለ ነው። በአራጣ ተበድሮ በዓል መዋል ግን ጭንቀቱን ከበዓሉ አሳልፎ ወደ ሚቀጥሉት ወራት ማሸጋገር ስለሆነ ፈጽሞ አይመከርም።

ለዚህ ሁሉ ቅርጫን የመሰለ መፍትሔ የለም። ጎረቤቶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፣ ከአንዱ ግቢ ይታረዳል። ሥጋው በተነጠፈ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል፤ ጉበቱ፣ ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ጨጓራው ሳይቀር ለሁሉም እንዲዳረስ ይቆራረጣል። አንዱ መደብ ከሌላው አንሶ ከታየ ከወዲያ ተነሥቶ ወደዚህ ይጨመራል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ቅርጫ የሚያቃልለው ወጪን ብቻ አይደለም። የገባ ሰው ሁሉ እኩል ስለሚደርሰው የእገሌ ቤት ምን ታረደ የሚለው ንጽጽር፣ ማለትም ከበዓል ጭንቀቶች ሁሉ ሰውን በስውር የሚበላው፣ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ሸክም የሥራ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። የአንድ ዶሮ ወጥ ጣጣ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ዶሮው ይነጫል፣ ይለበለባል፣ በ12 ብልት ይወጣል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ተልጦ ደቆ ይከተፋል፤ ቁሌቱ ደግሞ እንዳያርር አጠገቡ ተቁሞ ለሰዓታት ይማሰላል። ይህን የምትሠራው እናት ዓርብ ዕለት ስትሰግድ ውላ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ማድ ቤት ቆማ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አንግታ፣ እሑድ እንግዳ ስታስተናግድ ትውላለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ለአንድ ሰው መተው አግባብ አይደለም። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ፣ ውኃ መቅዳት፣ ዕቃ ማጠብና ቤት መጎዝጎዝ ባልም ወንድ ልጅም የሚችለው ሥራ ነው። ቁሌቱን ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት አብስሎ ማቆየት ደግሞ የቅዳሜን ማታ ለዕረፍት ነፃ ያደርጋል። ከቅዳሴ በፊት የሚገኝ የሁለትና የሦስት ሰዓት እንቅልፍ የእሑድን ቀን ሌላ ያደርገዋል።

በዚህ ሁሉ ማብሰል መካከል መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ከሰል ይዞራል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ሲሆኑ፣ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ምድጃው ደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ይሁን፤ ፍም ያለበት ማንደጃ ሰው በተኛበት ክፍል አይደር።

በስግደቱና በአክፍሎቱ (እስከ ትንሣኤ ምንም ሳይቀምሱ በመቆየቱ) ረገድ ጤናማ ሰው ዕረፍት እየወሰደ ቢሰግድ ይበቃዋል። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ግን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው መነጋገር አለባቸው። ኢንሱሊን እየወሰደ ለረጅም ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ሊጠጣ ይገባል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው አልቆ ጾሙ ሲፈታ፣ የቀድሞ እናቶች ሥርዓት ብልህ ነው። ተልባው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በመጀመሪያ ይጠጣል፤ ሆድን ያለሰልሳል። ሙስሊሞች በረመዳን ፆማቸውን በተምርና በውኃ ማፍጠራቸውም ሆድን በቀላል ነገር ይጀምርለታል። ለሁለት ወር ገደማ ሽሮና ምስር የለመደ ሆድ ላይ ቅቤ፣ ዶሮና ጥሬ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲወርድ መነፋት፣ ቃርና ተቅማጥ ይከተላል፤ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ከባድ ሕመም ሊነሣበት ይችላል። ትንሽ በልቶ ተኝቶ፣ ሲነቁ እንደገና መቅመስ ይበጃል። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ከትንሣኤ በኋላ በዓለ ሃምሳ አለ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው 50 ቀናት ናቸው። የዘመድ ጥየቃውም ለዳግማይ ትንሣኤና ከዚያ በኋላ ላሉት ሳምንታት ቢከፋፈል ማንም አይቀየምም። በአንድ እሑድ አምስት ቤት ገብቶ በየቤቱ ‹‹በሞቴ›› እየተባለ መብላት የፍቅር ቢሆንም ሰውነትን ይጎዳል፤ ጎራሽም አጉራሽም ይህን ቢረዱ መልካም ነው።

ጥሬ ሥጋ የበሬ ኮሶ ትል ያስተላልፋል። ሥጋው እስከ መሃሉ በደንብ ሲበስል፣ ወደ 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ፣ የትሉ እጭ ይሞታል። ቁርጥ የሚወድ ሰው ቢያንስ በሐኪም ከተመረመረ ከብት እንዲሆን ያድርግ፤ ለልጆች ግን የተቀቀለውን ወይም የተጠበሰውን መስጠት ይሻላል። ጠጅና አረቄም ቢሆኑ እንቅልፍ የሚያመጡ ይመስላሉ እንጂ የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ።

ጭንቀትን ለማርገብ በእጅ ካለው ሁሉ ርካሹ በእግር መሄድ ነው። ባሕር ዳር ሜዳማና ባለ ጥላ ከተማ በመሆኗ ለዚህ ትመቻለች። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ወርዶ አመሻሹ ላይ ግማሽ ሰዓት መራመድ የተወጠረውን ጡንቻ ያፍታታል፣ የሌሊቱን እንቅልፍም ያግዛል። ጉልበት ያለው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይን ከላይ ማየት ይችላል። ሐይቁ ውስጥ ገብቶ መዋኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጣና ዳርቻ ውኃ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተውሳክ ስለሚያስተላልፉ በበዓል ዕረፍት ልጆች በዳርቻው እንዳይንቦጫረቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ሰሞን ደግሞ በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታበት ወቅት መግቢያ ነው። ትኩሳትን ከድግስ ድካም ቆጥሮ ቀናት ማሳለፍ አደገኛ በመሆኑ በቶሎ መመርመር ይገባል።

ለአንዳንዱ ቤት በዓል የሚከብደው በድግስ ብዛት አይደለም፤ በባዶው ወንበር ነው። በተለይ ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው በዓል ያስጨንቃል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ተቀምጧል፤ መንገድ በመዘጋቱም ከተማ ያለ ልጅ ገጠር ያሉ ወላጆቹን ሳይጠይቅ በዓሉ ያልፋል። ለእነዚህ ሰዎች ‹‹እርሳው፣ በዓል ነው›› ማለት አያጽናናም። ወደ ሐዘንተኛው ቤት ከወጡም ከእንጀራውም ይዞ መሄድ፣ ቡና አፍልቶ አብሮ መቀመጥ፣ የሟቹን ስም ሳይፈሩ መጥራትና ሊያለቅስ የፈለገውን ማስለቀስ ይሻላል። ከቤተሰቡ ርቆ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ወጣትም ከአንድ ቤት ‹‹ና፣ አብረን እንፈስክ›› መባል ትልቅ ነገር ነው።

ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ሥራ ካስተጓጎለ የሕክምና ጉዳይ ሆኗል። ሰውየው ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ደግሞ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በከተማዋ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ ለቅርብ ምክር ደግሞ በየአካባቢው ጤና ጣቢያ ይገኛል። የተመላላሽ ክፍሎች በበዓል ቀናት ሊዘጉ ስለሚችሉ የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል ሕመም ወይም የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ቆጥሮ፣ የማይበቃው ከሆነ አስቀድሞ ሄዶ ማስሞላት ይኖርበታል።