የጠገንኩት አይታይም፤ የፈሰሰው ግን በእኔ ስም ነው

ይድረስ ለእትዬ። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቧንቧውም፣ መብራቱም፣ የበሩ ቁልፍም፣ ጣራውም እኔን ነው የሚጠብቀው። ባለፈው ሚያዝያ አሸንዳው በቅጠል እንደተደፈነና ሁለት ቆርቆሮ መቀየር እንዳለበት ለኃላፊዬ በቃል ነግሬው ነበር። «እሺ፣ እናየዋለን» አለኝ። ሐምሌ ላይ መዝገብ ቤቱ አፈሰሰና ፋይሎች በሰበሱ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው የመጣው ግን ለእኔ ነው። አሁን አንድ ጓደኛዬ ባሕር ዳር ኮንትራክተር ዘንድ ሥራ አግኝቶልኛል። ባለቤቴ «የመንግሥት ሥራ ጥለህ የት ልትሄድ?» ትለኛለች። አባቷ ደግሞ ከመጀመሪያውም «ቧንቧ ጠጋኙ» እያሉ ነው የሚያነሱኝ። ልልቀቅ ወይስ ልቀመጥ? ምክርዎን እጠብቃለሁ።
የጣራ ገዳሙ ልጅ፣ ከደብረ ታቦር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት በደልህ እውነተኛ በደል መሆኑን ልንገርህ። ጣራው ያፈሰሰው አንተ ስለሰነፍክ አይደለም፤ አይተሃል፣ ተናግረሃል፣ የሚሠራበት ዕቃ ግን አልቀረበልህም። ያም ሆኖ ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ የሚነሣው «በቃል ነግሬው ነበር» ካልከው ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቃል የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት የምታየውን፣ የምትሠራውንና የምትጠይቀውን ሁሉ በጽሑፍ እያደረግህ ሥራ፤ መሄድህንም መቅረትህንም ከዚያ በኋላ ወስን።

የጥገና ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። መምህር ቢያስተምር ተማሪ ያልፋል፣ ሐኪም ቢያክም በሽተኛ ይነሣል፤ ጥገና በደንብ ሲሠራ ግን ምንም ነገር አይፈጠርም፤ ውጤቱም ያ ምንም ያለመፈጠሩ ነው። አለቃ ጥገና ሠራተኛውን የሚያስታውሰው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ብልሽት የሚጀምርበት ቦታና የሚታይበት ቦታ ይራራቃሉ። ያንተኑ ጣራ እንውሰድ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳው ውስጥ ይጠራቀማል፤ አቧራ ሲጨመርበት ጭቃ ይሆንና የመውረጃውን አፍ ይደፍነዋል። ዝናቡ ሲበረታ መውረጃ ያጣው ውኃ ወደ ኋላ ይመለስና በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ይገባል፤ ሞራሌውን ተከትሎ ይሄድና ከገባበት ርቆ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ችፑዱ ያብጣል፣ ይጎብጣል፤ በላዩ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ካለም ብሬከሩ መውረድ ይጀምራል። ከታች የተቀመጠው ሰው የሚያየው እርጥብ ፋይል ነው። ከሦስት ወር በፊት በአንድ መሰላልና በአንድ ባልዲ ሊጠረግ ይችል የነበረውን ቅጠል የምታስታውሰው አንተ ብቻ ነህ፤ ትዝታ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩን የሚያባብሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፤ ክረምቱም የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚነሣው በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ፣ በረዶውንም አንተው ታውቀዋለህ። ሰኔ ላይ ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር ሒሳብ ሊዘጋ ነውና ግዢ ይቆማል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ተመላሽ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና አዲሱ በጀት ገና ተደልድሎ አላለቀም። ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ አሸናፊው ተለይቶ፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ እስኪሆን መስከረም ይጠባል። ፀሐይ ትወጣለች፣ ጣራው ማፍሰሱን ይተዋል፣ ሰውም ይረሳዋል፤ በዓመቱ ያው ፋይል እንደገና ይበሰብሳል። በሐምሌ ቆርቆሮ የሚጠይቅ ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ሚያዝያ ላይ መናገርህ ከዚህ አንጻር ትክክል ነበር፤ የያዝነው ዓመት ገንዘብ ሳይዘጋ ሊገዛበት የሚችልበት የመጨረሻው ወቅት ነውና። ጥያቄህ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ግን መንገድ ይጀምር ነበር። የመጪውን ዓመት ፍላጎት የሚሰበስቡበትን ትክክለኛ ጊዜ የዕቅድና በጀት ክፍሉን ጠይቀህ እወቅ፤ ብዙውን ጊዜ ከክረምቱ ወራት ቀድሞ ነው፤ የጥገና ሠራተኛንም «ምን ያስፈልግሃል?» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። ሳትጠራ ሂድ።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። አንድ ጠንካራ ደብተር ያዝ። «ሽንት ቤት ተሠራ» ብለህ አትጻፍ፤ «ኅዳር 12፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ሽንት ቤት፣ የሩቢኔቱ ጎማ አልቆ ይንጠባጠብ ነበር፣ ጎማው ተቀየረ» ብለህ ጻፍ። ከዕቃ ግምጃ ቤት በሞዴል 20 ጠይቀህ በሞዴል 22 ያወጣኸውን መዝግብ፤ ጠይቀህ «የለም» የተባልከውንማ ከሁሉ አስቀድመህ መዝግብ። ስድስት ወር ሳይሞላ ደብተሩ አንተም ያላስተዋልከውን ይነግርሃል፤ ያው ሩቢኔት ሦስት ጊዜ ከተቀየረ ችግሩ ከጎማው አልፏል፤ ወይ የውኃው ግፊት ነው፣ ወይ የተገዛው ዕቃ ጥራት። ጣራውን በዓመት ሁለት ጊዜ ዙር፦ መስከረም ላይ የፍሳሹ ምልክት ሳይደርቅ፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሳይቀድምህ። ያየኸውን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አድርገህ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥርና ቀን አስይዘህ አስገባ፤ ቅጂውን ቤትህ አስቀምጥ። ይህ ከእኔ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያ ለሕንፃና ለግቢ አያያዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠው፣ ሕንፃ እስኪበላሽ የሚጠበቅ ነገር እንዳልሆነ ስለታመነበት ነው። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸምህ ሲሞላም ከኃላፊህ ፊት የምታስቀምጠው ነገር ይኖርሃል።

«አለቃዬ ጽፎ ከሰሰኝ ብሎ ቂም ይይዝብኛል» ልትለኝ ትችላለህ። ፍርሃትህ ከንቱ አይደለም፤ በእኛ አገር ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሰው ሲጣላ ነው። መፍትሔው ግን ዝም ማለት ሳይሆን ቋንቋውን ማስተካከል ነው። «በተደጋጋሚ ብናገርም ሰሚ አጥቻለሁ» ካልክ ክስ ነው። «የመዝገብ ቤቱ አሸንዳ ተደፍኗል፤ ክረምት ሳይገባ ለማስተካከል ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማርና የሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል» ካልክ ግን ኃላፊህ ይዞት ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚሄድበት ሰነድ ሰጠኸው ማለት ነው። እሱም ከበላዩ ይጠየቃል፤ «ጣራው ያፈሳል» ብሎ ባዶ እጁን ቢሄድ እንዳንተው «እናየዋለን» ተብሎ ይመለሳል። ላያነበው ይችላል? ይችላል። ቁጥርና ቀን የያዘ ደብዳቤ ግን ሳይነበብም ይሠራል። ሐምሌ ላይ የሚያዝያው ቅጂ በእጅህ ቢኖር ያ ማስጠንቀቂያ ባንተ ስም ለመጻፍ ይከብድ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከቀላል የዲሲፕሊን ቅጣቶች አንዱ ነውና ሥራህን አያሳጣህም፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አልፎብህ ከሆነም የሆነውን በቀን በቀኑ ጽፈህ ከግል ማኅደርህ እንዲያያዝ ጠይቅ።

ገንዘቡን በተመለከተ አንተን የሚያታልል ነገር አልነግርህም። የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋም አብሮ እንደሮጠ ታውቃለህ። ጎበዝ ባለሙያ ከኮንትራክተር ጋር ከዚህ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ጓደኛህን ጠይቀው፦ ቅጥሩ በወር ነው ወይስ በቀን ሒሳብ? ግንባታ በሚቀዘቅዝባቸው የክረምት ወራት ይከፈልሃል? ከመሰላል ብትወድቅ የሚያሳክምህ ማን ነው? ከሁሉ በላይ፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ያስመዘግብሃል? አሁን አንተ 7፣ መንግሥት ደግሞ 11 በመቶ በስምህ እያዋጣችሁ ነው፤ የዕድሜ ልክ የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። አዲሱ ቀጣሪህ ካስመዘገበህ የስድስት ዓመቱ አገልግሎትህ ይቀጥላል፤ በቀን ሠራተኛነት ከገባህ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ባለቤትህ «የት ልትሄድ?» ስትል የፈራችው ይህንን ይመስለኛል፤ ጥያቄዎቹን አብራችሁ ተነጋገሩባቸው። ደብተሩ እዚህም ይጠቅምሃል። መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደብህንና ዓመቱን ብቻ ይናገራል፤ ምን መሥራት እንደምትችል የሚያሳየው የራስህ መዝገብ ነው።

አማትህ የሚሉት እንዳሳዘነህ ከአጻጻፍህ ገብቶኛል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ከከተማችሁ እምብዛም የማይርቀው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለእጆችንና የአገሩን ሠራተኞች ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መንገዱ እየተቆፈረለት ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላም ንቀቱ አለ። ያንተ ቃል በስብሰባ ላይ ከመሐንዲስ ቃል እኩል የማይደመጠው፣ የሚያዝያው ማሳሰቢያህም ነፋስ የወሰደው በዚሁ ንቀት ምክንያት ነው። በቃል የሚሰማህ ከሌለ በወረቀት ተሟገት፤ መዝገብ ቤት የሚሰጠው ቁጥር የጸሐፊውን ሙያ አይቶ አይበላለጥም። ከአማትህ ጋር ግን አትከራከር፤ ታላቅ ናቸውና አክብራቸው፣ ስምህን ሥራህ ያስተካክለዋል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ክረምቱም እስኪያልፍ፣ እስከሚመጣው መስከረም ቆይ። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀህ፣ ቅጂው በእጅህ እያለ ጣራው ሳይሠራ ቀርቶ ዳግመኛ አንተ ከተወቀስክ፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያህን ሰጥተህ፣ መልቀቂያህን ተቀብለህ ባሕር ዳር ሂድ፤ ማንም ሊነቅፍህ አይገባም። እስከዚያው ግን በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ብቻህን አትውጣ፤ ኃላፊህ ቢቆጣም አትውጣ። ይህን የምታነቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም እባካችሁ፣ መጋቢት ላይ የጥገና ሠራተኛችሁን ቢሯችሁ ጠርታችሁ ክረምት ሳይገባ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት፤ መልሱንም በግዢ ዕቅዳችሁ ላይ አስፍሩት።