ታንኩ ቢወጣም አፈሩ ይመርመር

በታክሲ ሥራ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ይዘው ነዳጅ ማደያ፣ ወይም ቀድሞ ማደያ የነበረ የማዕዘን ሱቅ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሻጩ «ታንኮቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ ምንም ችግር የለም» ይላል። በሒሳብ ባለሙያነቴ የምመክርዎ፣ ጥያቄዎን ከዚህ ቃል በኋላ እንዲጀምሩ ነው።

ታንክ ማውጣትና አፈር ማጽዳት ለየቅል ናቸው። በአሜሪካ ስለተቀበሩ ታንኮች የሚደነግገው የፌዴራል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። ቀድሞ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ከዝገት መከላከያ የሌላቸው የብረት ታንኮች ስለነበሩ፣ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1998 እንዲታደሱ፣ እንዲተኩ ወይም እንዲዘጉ ታዘዘ። ስለዚህ በዚያን ሰሞን ብዙ ማደያ ተቆፍሯል። ጉድጓዱ ተሞልቶ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ከሥር ያለውን የሚነግርዎ ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ምን መያዝ አለበት? ባለቤቱ ታንኩን ለዘለቄታው ከመዝጋቱ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ሲዘጋም ነዳጅ ፈሶበታል ተብሎ በይበልጥ ከሚጠረጠርበት ቦታ ናሙና ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከታንኩ ሁለት ጫፎች ሥር፣ ከቧንቧው መስመርና ከመቅጃ ማሽኖቹ በታች። ናሙናው ከነባሩ አፈር እንጂ በታንኩ ዙሪያ ከተሞላው አሸዋ ብቻ መሆን የለበትም። በሚገባ ታሽጎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ የተረከበው ሁሉ በፈረመበት ቅጽ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ነዳጁ ተንኖ ንጹሕ መስሎ ሊወጣ ይችላልና ቅጹን አይናቁት።

ላቦራቶሪው ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ነው። (አገር ቤት የመኪናው ነዳጅ በሙሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ እዚህ ግን በነዳጁ ውስጥ ያለ፣ ካንሰር የሚያመጣ አንድ ንጥረ ነገር ማለት ነው።) በመጠጥ ውኃ ውስጥ የተፈቀደው ከቢሊዮን 5 እጅ ብቻ ነው። ከአፈሩ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ከገባ የመከታተያ ጉድጓዶች መቆፈር ይመጣል፤ ወጪውም ያኔ ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንክ የሚጠይቀው ፌዝ ዋን የሚባለው ጥናት የቆዩ መዝገቦችን ማገላበጥና ቦታውን ተዘዋውሮ ማየት ነው፤ አንድ አካፋ አፈር አይነሣበትም። ቆፍሮ ናሙና የሚወስደው ፌዝ ቱ ነው። «ጥናት ተደርጓል» ሲባሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

በፌዴራሉ ደንብ ተጠያቂዎቹ የታንኩ ባለቤትና ሥራውን የሚመራው ሰው ናቸው። ስለዚህ ታንኮቹ የሚሠሩበትን ማደያ ተከራይተው የሚያስተዳድሩም «መሬቱ የእኔ አይደለም» ብለው አያመልጡም። ፍሳሽ ከተጠረጠረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ታንኮቹ ከወጡ በኋላ መሬቱን የገዛ ሰው ኃላፊነት እንደየግዛቱ ስለሚለያይ ጠበቃ ያማክሩ። ሕጉ ቢምርዎ እንኳ የተበከለ መሬት በመያዣነት የሚቀበል ባንክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ንጹሕ ሆኖ የገዙትን መሬት በራስዎ ሥራ ምክንያት ተበክሎ ቢያጸዱ፣ አይ.አር.ኤስ. በ1994 ባወጣው ውሳኔ መሠረት የአፈር ማጽጃው ወጪ ከዓመቱ ገቢ ይቀነሳል። ተበክሎ የገዙትን ሲያጸዱ ግን ወጪው በመሬቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። የስድስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 በዩናይትድ ዴይሪ ፋርመርስ ኩባንያ ጉዳይ የፈረደው ይህንኑ ነው። መሬት የእርጅና ቅናሽ የለውም። እንግዲህ 60,000 ዶላር ለማጽጃ ቢያወጡ፣ በታክስ ረገድ የሚጠቅምዎ መሬቱን የሸጡ ዕለት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል አፈር አስቆፍረው አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ከ20 ዓመት በኋላ ይጠቀማል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የመዝጊያ ሪፖርቱንና ግዛቱ ጉዳዩን መዝጋቱን የገለጸበትን ደብዳቤ ከሻጩ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ፋይል ይውሰዱ። ደብዳቤው ለንግድ አገልግሎት ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ፋይሉ ጎዶሎ ከሆነ፣ የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ከዋጋው ከፊሉ በኤስክሮ እንዲያዝ ጠበቃዎ በውሉ ያስገባልዎ። ግዛትዎ የማጽጃ ፈንድ ካለውም መብቱ ወደ ገዢ ይተላለፍ እንደሆነ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይጠይቁ።