ወጣቱን ለሥራ ማብቃት፦ በራስ መተማመን ከየት ይመጣል?

ሥራ ፍለጋ ወጥተው ከሚመለሱ የቁምስናችን ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር እንሰማለን። ትምህርቱን የጨረሰ፣ ጠባዩ የታረመ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ የሚችለውን ሥራ «እሞክራለሁ» ብሎ ይወጣል። ቀጣሪውም እንደማይችል ይቆጥረዋል። ልጁ ግን ያደረገው እኛው ያስተማርነውን ነው፤ በታላላቆች ፊት ዝም ማለትን። ትሕትና ታላቅ ጸጋ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ትሕትና መክሊትን ከማን እንደ ተቀበሉት ማወቅ ነው እንጂ መሬት ቆፍሮ መቅበር አይደለም (ማቴ. 25፣ 14-30)። ይህን ልዩነት ለልጆቻችን በሚገባ አላስረዳናቸውም።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፣ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚመነጭ አስረድቷል፤ ሰው ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት ነገር፣ መሰሎቹ ሲሳካላቸው ከማየት፣ ከሌሎች የማበረታቻ ቃልና ከገዛ አካሉና ስሜቱ ሁኔታ። ከሁሉ ብርቱው የመጀመሪያው ነው። እኛ ካህናት አብዝተን የምንደገፈው ግን፣ ሳንሸሽግ እንናገር፣ በሦስተኛው ነው።

ይህ ከመጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በሰሜን ኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ነገሩን በተግባር አሳይቶታል። ከገጠር የፈለሱ ልጆች በየአሠሪው ዘንድ ሲጉላሉ ባየ ጊዜ መክሮ ብቻ አላሰናበታቸውም፤ ከአሠሪዎቻቸው ጋር በጽሑፍ ውል ያስፈርም ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1852 ከአንድ አናጢ ጋር በተደረገው ውል፣ አናጢው ለተለማማጁ ሙያውን ሊያስተምረው፣ ሲያጠፋ በቃል እንጂ በዱላ እንዳይቀጣው፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ እንዳያሰማራው፣ በበዓላትም እንዲያሳርፈው ግዴታ ገብቷል። ከአሠሪው፣ ከአባቱና ከዶን ቦስኮ ፊርማ ጋር የልጁም ፊርማ አለበት። ፊርማው ሲጠየቅ ያ ልጅ ስለ ራሱ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። ከ1853 ጀምሮ ደግሞ ዶን ቦስኮ በራሱ ቤት የጫማና የልብስ ስፌት ክፍል ከፈተ፤ የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጢነት፣ የኅትመትና የብረታ ብረት ክፍሎችም ተከተሉ።

በአገራችን ተጨማሪ እንቅፋት አለ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም መጥራት ለዘመናት የኖረ ነውር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ባለ እጆችን መስደብን ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአንደበታችን ጨርሶ አልጠፋም። ልጁ ወይም ልጅቷ የእጅ ሙያ ሲመርጡ «ትምህርት አልሆን ብሏቸው ነው» የምንል ወላጆችና ካህናት፣ ገና መሣሪያ ሳያነሡ ልባቸውን እንሰብራለን።

ስለዚህ ለወጣቱ ትንሽ፣ ነገር ግን ጀምሮ የሚጨርሰው እውነተኛ ሥራ እንስጠው። ስናመሰግነውም «ጎበዝ» ብለን አንለፈው፤ የትኛውን እንዳሳመረ ለይተን እንንገረው። እርማቱ ለብቻው ይሁን።

አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችንን የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች ለአንድ ወጣት ሰጠነው። የመጀመሪያው ወንበር ተንገዳገደ፤ እኛም ቸኩለን ሌላ አናጢ ልንጠራ ስንል አንድ አረጋዊ ባለሙያ «አባ፣ ተዉት፣ ራሱ ይፍታው» አሉን። ፈትቶ እንደገና ገጠመው። ከወራት በኋላ ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ ምን እንደሚችል በጠየቁት ጊዜ «እሞክራለሁ» አላለም፤ ዐሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበር መጠገኑን፣ የመጀመሪያውንም ሁለት ጊዜ መሥራቱን ተናገረ።