ባስ ያለበት የካኑ መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ሐይቅ አያጣም። የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ተብሎ ተጽፏል። ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ግን ኢሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል፤ ከእርሷ አለፍ ሲል አስፋልቱ ያልቅና ሌላ ዓይነት አገር ይጀምራል። ባውንደሪ ዎተርስ ይሉታል። ስፋቱ 4,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉበት። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር ምድር ሕግ ከለላ ሰጠው፤ በ1978 ደግሞ ለእርሱ ብቻ የወጣ ሕግ ጥበቃውን አጠበቀው። ጥቂት ሐይቆች ላይ ካልሆነ በቀር ሞተር የተከለከለ ነው። ሰው የሚጓዘው መቅዘፊያ ይዞ፣ በካኑ ነው።

ካኑ ለእኛ ፈጽሞ ባዳ አይደለም። የጣና ሰው ታንኳውን ከደንገል ያስራል፤ የዚህ አገር ባለቤት የነበረው የኦጂብዌ ሕዝብ ደግሞ ከበርች ዛፍ ቅርፊት ይሠራ ነበር። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። የጣና ቀዛፊ ታንኳውን ከውኃ የሚያወጣው ፀሐይ እንዲያደርቀው ነው፤ የሰሜን ሚኒሶታ ቀዛፊ ካኑን ከውኃ የሚያወጣው ትከሻው ላይ ጭኖ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ለመሄድ ነው። በሁለት ሐይቆች መካከል ያለችው ይህች የመሸከሚያ መንገድ ፖርቴጅ ትባላለች። አዲስ መንገድ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናጠናው እርሷን ነው።

«ባስ የሚባለው ዓሣ የሚበዛበት ሐይቅ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅ ሲመጣብኝ መልሱን ለጊዜው አቆየዋለሁ። ጥያቄው ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ተራው ገና ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም ጉዞዬን ያቀድኩት ጥሩ ዓሣ አለበት የተባለውን ሩቅ ሐይቅ ካርታ ላይ በጣቴ ነክቼ፣ በየቀኑ ስድስትና ሰባት ሐይቅ በማለፍ ነበር። ሐይቁ ጋ ደረስን። የደረስነው ግን ሲመሽ ነው፤ እጃችን መንጠቆ መቋጠር እንኳ አቅቶት። በማግስቱም ቀኑ እንዳይሄድብን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ቀዘፍን። ያን ሐይቅ አየሁት እንጂ አላጠመድኩበትም።

ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዚያ አገር ካርታ የፖርቴጅ ርዝመት የሚጻፈው በ«ሮድ» ነው። አንድ ሮድ አምስት ሜትር ያህል፣ የአንድ ካኑ ቁመት እንደማለት ነው፤ 320 ሮድ አንድ ማይል ይሆናል። ካርታው 100 ሮድ ካለ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ካኑውንና የአምስት ቀን ስንቁን በአንድ ጊዜ ማንሳት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው አንዱን ጭኖ ይሄዳል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የቀረውን ጭኖ እንደገና ይሄዳል። ያው መንገድ ሦስት ጊዜ ተረገጠ ማለት ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሆነ። ከባስውድ ሐይቅ ወደ ባስውድ ወንዝ የሚያወርደው ሆርስ ፖርቴጅ 340 ሮድ ነው፤ በዚህ ስሌት ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፣ ያውም በድንጋይና በጭቃ ላይ። የካኑው ክብደትም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ከኬቭላር የተሠራው 20 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ የቆየው የአሉሚኒየም ካኑ ከ30 ኪሎ ያልፋል። የምትከራዩ ከሆነ ገንዘብ የሚቆጠበው በሌላ ነገር ላይ ይሁን።

ከዚህ ተነሥቼ ለራሴ ያወጣሁት ልክ አለ። ስድስት ቀን ካለኝ ሁለቱን ለመግባት፣ ሁለቱን ለመውጣት፣ መካከለኛዎቹን ሁለት ቀናት ደግሞ ድንኳን ሳላነሣ ለማጥመድ እመድባቸዋለሁ። ካርታ ላይ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ ዓይን ይስባል፤ እኔም እወደዋለሁ። ለዓሣ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን በሄደበት ቢመለስ ይሻለዋል፤ ሲገባ ያያቸውን ጥሩ ቦታዎች ሲወጣ ያገኛቸዋልና።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። እዚያ «ባስ» ሲሉ ስሞልማውዝ ባስ ማለታቸው ነው፤ ነሐስ መሳይ ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ቁልቁል የተሰመሩ ጥቁረቶች ያሉት፣ ዓይኑ ቀላ ያለ፣ በመጠኑ ሲታይ ጉልበቱ የሚያስደንቅ ዓሣ። ዘመዱ ላርጅማውዝ ባስ የውኃ ሣርና ጭቃማ ወሽመጥ ሲወድ፣ ይኼኛው ድንጋይ ይወዳል። የሚወደው ድንጋዩን ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ክሬይፊሽ የሚባለው ባለ መቆንጠጫ ትንሽ የውኃ እንስሳ በድንጋዩ ሥር ስለሚደበቅ ነው። ምግቡ ያለበት ቦታ ቤቱ ሆነ።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ስሞልማውዝ ባስ የአብዛኞቹ የባውንደሪ ዎተርስ ሐይቆች ተወላጅ አይደለም። ዎልአይ፣ ፓይክና ሌክ ትራውት ጥንትም ነበሩ፤ ባስን ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሰዎች አምጥተው ለቀቁት፤ ከሐይቅ ወደ ሐይቅም ተዛመተ። መንገድ ለሚመርጥ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው፤ አንዱ ሐይቅ ሞልቶ ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላልና። በነገራችን ላይ ባስውድ የሚለው የሐይቅ ስም ከዓሣው ጋር ዝምድና የለውም፤ የአንድ ዛፍ ስም ነው። ሐይቁ ግን እንዳጋጣሚ ጥሩ የባስ ሐይቅ ነው።

የትኛው ሐይቅ ምን እንዳለው ለማወቅ የሰው ወሬ ብቻ አይበቃም። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት «ሌክ ፋይንደር» በሚባለው መዝገቡ ውስጥ ባለሙያዎች በየሐይቁ መረብ ጥለው ያገኙትን፣ የዓሣውን ዓይነትና መጠን፣ ለብዙዎቹም የጥልቀት ካርታቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። የባስ ስም በተደጋጋሚ ጥናት ላይ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ የጥልቀቱን መስመር ተመልከቱ። መስመሮቹ ዳርቻው አጠገብ ተጨናንቀው ካያችሁ ገደል ነው፤ ተራርቀው ከተኙ ሜዳ ነው። የምትፈልጉት ሁለቱ የሚገናኙበትን ነው፦ ከደሴት ወይም ከመሬት ሹል ጫፍ ተነሥቶ በቀስታ የሚወርድ፣ ከዚያም ድንገት የሚጠልቅ ድንጋያማ ወለል። የውኃ ውስጥ ጉብታዎችም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ደሴትና የተጠማዘዘ ዳርቻ ያለው ሐይቅ ክብ ከሆነው ሐይቅ የሚበልጠው እንዲህ ዓይነት ቦታ ስለሚበዛበት ነው።

ወቅቱ ከቦታው እኩል ይወስናል። ውኃው ወደ 15 እና 16 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ፣ ባሱ እንቁላል ለመጣል ወደ ጥልቀት የለሹ ጠጠራማ ዳርቻ ይመጣል። ወንዱ በጅራቱ ጠጠሩን ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ ጥላ ስትሄድ እንቁላሉንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች የሚጠብቀው እርሱ ነው። ወደ ጎጆው የቀረበን ሁሉ ስለሚነክስ በዚህ ጊዜ ማጥመድ ቀላል ነው። ቀላልነቱ ግን ሊያሳስበን ይገባል። አባቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲነሣ ትናንሽ ዓሦች እንቁላሉን ይጨርሱታል። በጁን መጀመሪያ የምትሄዱ ከሆነ ጎጆ ላይ ያለውን ተዉት፤ ከያዛችሁም እዚያው፣ ወዲያው ልቀቁት። እኔ የምመርጠው የጁን መጨረሻና የጁላይን መጀመሪያ ነው። ጎጆው ተፈትቷል፣ ዓሣው ተርቧል፣ ማለዳና ምሽት ላይ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ሲጥሉለት ዘሎ ይይዛል። በኦገስት ሙቀት ጠለቅ ይላል። ሴፕቴምበር ደግሞ ትንኙ አልቆ፣ ሰዉም ሳስቶ፣ ትልልቆቹ ጥልቅ ድንጋይ አጠገብ ይሰበሰባሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ እንየው። ከኢሊ ሰሜን ሙድሮ የሚባል መግቢያ አለ፤ ቁጥሩ 23 ነው። ከሙድሮ ወደ ፎርታውን፣ ከዚያ በአጫጭር ፖርቴጆች ወደ ሆርስ ሐይቅ ይገባል። ቀጥሎ ሆርስ ወንዝ ነው፤ ጠባብ፣ ፈጣን ውኃ ባለበት ሁሉ ወርደው የሚሸከሙበት። ክረምቱ ደረቅ ከሆነና ውኃው ካነሰ ካኑውን በድንጋዮች መካከል በእጅ እየጎተቱ መሄድ ይመጣል፤ ስለዚህ ለዚህ መንገድ ጁን ከኦገስት ይሻላል። ወንዙ ከባስውድ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ከታችኛው ባስውድ ፏፏቴ በላይ፣ በጣም በቅርቡ ነው። እዚያ ላይ ዓይን ውኃውን ሲያደንቅ እጅ መቅዘፊያውን እንዳይዘነጋ፤ ወደ ፖርቴጁ ማረፊያ ቀደም ብሎ፣ ዳርቻ ይዞ መጠጋት ግዴታ ነው። ፏፏቴውን በእግር ዞረው ሲወርዱ ክሩክድ ሐይቅ ይጀምራል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በምዕራቡ በኩል ባለው ገደል ላይ የቀደሙት የምድሪቱ ሰዎች በቀይ ቀለም የሣሏቸው ሥዕሎች አሉ። በእጅ አይነኩም፤ ከካኑ ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል።

ክሩክድ ማለት ጠማማ ማለት ነው፤ ሐይቁም ስሙን ይመስላል። በወሽመጥ ላይ ወሽመጥ፣ በደሴት ላይ ደሴት። ጥልቀቱን በተመለከተ ያልነውን ሁሉ እዚህ ታገኙታላችሁ፤ ነፋስ በተነሣ ቀንም ከአንዱ ደሴት ጀርባ ሌላ የተጠለለ ድንጋይ አይጠፋም። ድንኳን ሳይነሣ የሚጠመድባቸው ሁለቱ መካከለኛ ቀናት የሚያልፉት እዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ፣ በተለይ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ፣ ከሌክ ዋን የሚጀምረውን መንገድ እመክራለሁ። ሌክ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር እየተባሉ ተከታትለው የሚሄዱ ሐይቆች ሲሆኑ ፖርቴጆቻቸው ጥቂትና አጭር ናቸው። በ2011 የተነሣው የፓጋሚ ክሪክ እሳት በዚያ በኩል ሰፊ ደን በልቷል፤ አሁን ወጣት ዛፎች ሞልተውታል። ባስውድ በበኩሉ ዓሣው ብዙ ቢሆንም ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉ ካኑ ይገለብጣል። እዚያ የሚቀዘፈው በማለዳ፣ ዳርቻ ዳርቻውን ነው። የትም ይሁን የት የመንሳፈፊያ ጃኬት አይወልቅ፤ በሜይ ውኃው ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ በደቂቃዎች ያደነዝዛል።

ክሩክድና ባስውድ የካናዳ ድንበር የሚያልፍባቸው መሆኑንም አትርሱ። ውኃው መካከል አጥር የለም፤ ሕጉ ግን አለ። በካናዳው ዳርቻ መውረድም ሆነ ማጥመድ የዚያን አገር ፈቃድ ይጠይቃል። የመኖሪያ ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ወገን ደግሞ በቀልድ እንኳ ወደዚያ እንዳይሻገር እለምናለሁ። በአሜሪካው በኩል ያለው ዳርቻ ለሳምንት ይበቃል።

ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ለማደር የሚገባ ሰው በየመግቢያው በቁጥር የተወሰነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማስያዝ የሚቻለው ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን ታዋቂዎቹ መግቢያዎች ቶሎ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ ይዛችሁ ተቀመጡ። አንድ ቡድን ከዘጠኝ ሰውና ከአራት ካኑ አይበልጥም። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱ ለብቻው ይገዛል፤ የዓመቱን ደንብም አብራችሁ አንብቡ፣ ይለዋወጣልና።

የታሸገ የቆርቆሮ ምግብና የጠርሙስ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ይህ ደንብ ለእኛ ጓዳ የተጻፈ ይመስለኛል። በሶ፣ ድርቆሽ፣ የሽሮ ዱቄት፣ ቋንጣ፣ ቆሎ፤ ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ሳይበላሽ የሚሰነብት። የመንገደኛ ስንቅ ምን መሆን እንዳለበት እናቶቻችን ከማንም በፊት አውቀውታል። በሰኔ ጾም ዓሣ የማይቀምስ ጓደኛ ቢኖር እንኳ ሽሮው ሁሉንም ያስማማል። ሌሊት ግን ስንቁን ድብ በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ ካልሆነም ከዛፍ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

መንጠቆው ላይ የሚታሰረው ክብደት ከእርሳስ የተሠራ ባይሆን ደግ ነው። ሉን የምትባለው፣ ሌሊት ድምፅዋ ሐይቁን የሚሞላው ወፍ ወድቆ የቀረውን እርሳስ ከጠጠር ጋር ውጣ ትመረዛለች። ለምሳ የሚበቃችሁን ትናንሽ ባስ መያዝ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ምንም ነውር የለበትም፤ ጣዕማቸውም የተሻለ ነው። በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ግን ዓሣ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ባስ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሲገኝ እጃችሁን አርጥቡ፣ መንጠቆውን ከውኃው ሳታወጡት ንቀሉለት፤ ከዚያ ከሆዱ ሥር ደግፋችሁ ያዙት፣ ጅራቱ በራሱ ጉልበት ከእጃችሁ እስኪገፋ ድረስ።